"ከእኔ ይፈጥናል" በእንግሊዝኛ ሲባል

በአማርኛ "ከእኔ ይፈጥናል" ብለን ጨረስን። የማወዳደሩን ሥራ ያቺ አንዷ "ከ" ተሸክማዋለች፤ ግሱ ላይ ምንም አልጨመርንም። ችግሩ እንግሊዝኛ ስንናገርም ይኸው ልማድ አብሮን ይሄድና "ሂ ረንስ ፋስት ፍሮም ሚ" ብለን ቁጭ። እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ።

እንግሊዝኛ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድርጊቱ እንዴት እንደተደረገ የሚናገረው ቃል፣ ተውሳከ ግስ የምንለው፣ ራሱ መለወጥ አለበት። ሁለተኛ፣ "ከ" እዚህ ቦታ "ፍሮም" ሳትሆን "ዛን" ናት። "ሂ ረንስ ፋስተር ዛን ሚ" በሉ፣ አለቀ።

ቃሉን እንዴት እንለውጠው? እንደ ፋስት፣ ሃርድ፣ ሎንግ ያለ አጭር ከሆነ ጫፉ ላይ "ኧር" ቀጥሉበት፦ ፋስተር፣ ሃርደር፣ ሎንገር። እንደ ኬርፉሊ እና ኩዊክሊ በ"ሊ" የሚጨርስ ከሆነ ግን ቃሉን ሳትነካኩ ከፊቱ "ሞር" አስቀምጡ፦ ሞር ኬርፉሊ፣ ሞር ኩዊክሊ። "ኧርሊ" ብቻ ትሸውዳለች። በ"ሊ" ብትጨርስም "ኧርሊየር" ነው የምትሆነው። ዌል ቤተር ይሆናል፣ ባድሊ ደግሞ ዎርስ፤ እነዚህን ከመሸምደድ ሌላ መላ የለም። "ሞር ቤተር" ግን ተዉ፣ ቤተር ውስጥ "የበለጠ" የሚለው አስቀድሞ አለ።

"ሃርድሊ" ላይ ቆም በሉ። የሃርድ ዘመድ ይመስላል እንጂ ትርጉሙ "እምብዛም" ነው። ጎበዝ ሠራተኛ የሆነችን ሴት ላሞግስ ብላችሁ "ሺ ሃርድሊ ወርክስ" ካላችሁ፣ ሥራ አትነካም ብላችሁ አረፋችሁት። የፈለጋችሁት "ሺ ወርክስ ሃርደር ዛን ሚ" ነበር።

ሌላዋ የአማርኛ ወጥመድ "በጣም" ናት። "ከእኔ በጣም ይፈጥናል" የሚለውን በቀጥታ ስንገለብጠው "ቬሪ ፋስተር" ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ስህተት ነው። ማወዳደሪያ ፊት ቬሪ አትገባም። "ማች ፋስተር" በሉ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ "ኧ ቢት ፋስተር"።

አንዳንዴ ደግሞ ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ትርጉሙ ይምታታል። "ሺ ሄልፕስ ሂም ሞር ዛን ሚ" ሲባል፣ እኔ ከምረዳው በላይ ትረዳዋለች ነው ወይስ ከእኔ ይልቅ እሱን ትረዳለች? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፣ ሰሚው የመሰለውን ይይዛል። ጭራውን ሙሉት፦ የመጀመሪያውን ከሆነ "ዛን አይ ዱ"፣ ሁለተኛውን ከሆነ "ዛን ሺ ሄልፕስ ሚ"።

በአማርኛ "ያህል" የምትሉበት ቦታ ላይ ቃሉ አይለወጥም፣ በሁለት "አዝ" መካከል እንዳለ ይገባል። "የእኔን ያህል ይፈጥናል" ለማለት "ሂ ረንስ አዝ ፋስት አዝ ሚ"። አይፈጥንም ለማለት "ሂ ዳዝንት ረን አዝ ፋስት አዝ ሚ"። "አዝ ፋስተር አዝ" ብሎ ነገር የለም።

"በ...ቁጥር" የምንላት ደግሞ በሁለት "ዘ" ትሠራለች፣ ሁለቱም ጋ የተለወጠው ቃል ይገባል። አንድ ሰው ንግግሩን ባፈጠነ ቁጥር እየጠፋባችሁ ከሄደ፣ "ዘ ፋስተር ሂ ቶክስ፣ ዘ ሌስ አይ አንደርስታንድ" በሉት፤ ቀስ ይልላችኋል።