የኤስተራችሁ ዪልድ ቁጥር እምቢ ሲል

ይህ ደሴና ኮምቦልቻ ላብ (ላብራቶሪ) ገብታችሁ ከአሲቲክ አሲድና ከኢታኖል ኢታይል አሲቴት የተባለውን ኤስተር ለምትሠሩ ተማሪዎች ነው። የዪልዱ ቁጥር (ሊገኝ ከሚችለው ትልቁ ምርት ያገኛችሁት ድርሻ በመቶኛ) ካላማራችሁ ሙከራውን ለመድገም አትቸኩሉ። መጀመሪያ እነዚህን እዩ።

ችግር፦ ፐርሰንት ዪልዱ 40 ምናምን ብቻ ሆነ

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ስሌቱ ላይ ነው። 12 ግራም አሲቲክ አሲድና 11.5 ግራም ኢታኖል ተጠቀማችሁ እንበል። በግራም ኢታኖሉ ያንሳል። በሞል (ግራሙ ለአንድ ሞል ክብደት ሲካፈል) ግን አሲዱ 12 ÷ 60 = 0.20፣ ኢታኖሉ 11.5 ÷ 46 = 0.25 ነው። ቀድሞ የሚያልቀው አሲዱ ነው፤ ስለዚህ ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ምርት 0.20 × 88 (የኤስተሩ የአንድ ሞል ክብደት) = 17.6 ግራም ነው። 10.56 ግራም ካገኛችሁ ዪልዱ 60 በመቶ ነው። በኢታኖሉ ያሰላ ሰው ግን ለ22 (0.25 × 88) ያካፍልና 48 በመቶ ይላል።

60 በመቶ ደግሞ ጥሩ ውጤት ነው! ሪአክሽኑ ወደ ኋላም ስለሚመለስ፣ እኩል ሞል ሲቀላቀል 67 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል።

ችግር፦ ከ100 በመቶ በላይ ወጣ

የመዘናችሁት ኤስተር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ፈሳሹ ደፍረስ ካለ ውሃ አለበት። ውሃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት ጨምሩና ወዝውዙት። ዱቄቱ ከተጓጎለ ትንሽ ድገሙ፤ ሳይጣበቅ ሲንቀሳቀስና ፈሳሹ ኩልል ሲል አጣሩት። የባዶ ፍላስኩን ክብደት መቀነሳችሁንም አረጋግጡ።

ችግር፦ ዲስቲሌሽን (አፍልቶ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መሰብሰብ) ላይ ምርቱ ጠፋ

ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ነው። መጽሐፉ በ77 ዲግሪ ሰብስቡ ይላል። ቁጥሩ የባሕር ወለል ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ንጹሕ ኢታይል አሲቴት እዚህ በ68 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል በ70 አካባቢ። 77ን የሚጠብቅ ተማሪ ዋናውን ምርት መጀመሪያ ከሚወጣው ቆሻሻ ጋር ይደፋዋል። የቴርሞሜትሩ ቁጥር ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ዲግሪ ያዙ፣ ከዚያ ሰብስቡ። ውሃ ላብ ውስጥ አፍልታችሁ ሞክሩት፤ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ካሳየ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። ማሞቂያችሁ የሙቅ ውሃ ይሁን፤ ኤስተሩ በቀላሉ ይቀጣጠላልና ክፍት እሳት አታስጠጉ።

ችግር፦ ከታጠበ በኋላ አነሰ

100 ሚሊ ሊትር ውሃ 8 ግራም ገደማ ኤስተር አሟሙቶ ይወስዳል። ከላይ ካገኘነው 10.56 ግራም አንጻር ቀላል አይደለም። በጥቂቱ፣ በ10 ሚሊ ሊትር እያደረጋችሁ እጠቡ፤ የመጨረሻውን እጥበት በጨው የጠገበ ውሃ አድርጉት።