ባሕር የዋጠውን የጦር አውሮፕላን ዱካ እንዴት እንከተል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ውስጥ ስለቀረ አንድ አውሮፕላን ማጣራት ከፈለጋችሁ፣ ከአብራሪው ጀግንነት አትጀምሩ። ከቁጥሩ ጀምሩ። ስም ይመሳሰላል፣ ወሬ በየዓመቱ ይፋፋል፣ ፋብሪካው ብረቱ ላይ የቀረጸው ቁጥር ግን ያው ነው።

ፈረንሳዊውን ደራሲና አብራሪ ሴንት ኤግዙፔሪን ውሰዱ። ጁላይ 31 ቀን 1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ካሜራ እንጂ መሣሪያ ባልጫነ፣ ፒ-38 በሚባል የአሜሪካ አውሮፕላን ከኮርሲካ ደሴት ተነሣ፤ አልተመለሰም። በ1998 ማርሴይ አካባቢ የአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ስሙ የተጻፈበት የብር አምባር ይዞ ወጣ። ጉድ ተባለ! ግን ቦታው ይበርበታል ከተባለው መስመር ስለራቀ ብዙዎች «የውሸት ነው» አሉ። በ2000 እዚያው አካባቢ ስብርባሪ ተገኘ፣ በ2003 ወጣ። ክርክሩን የዘጋው ግን አምባሩ አይደለም። አንድ ቁራጭ ላይ «2734» የሚል ቁጥርና ግራ ጎን መሆኑን የሚያሳይ «ኤል» ፊደል ነበር። አውሮፕላኑን የሠራው የሎክሂድ ፋብሪካ ቁጥር ነው፤ ከሠራዊቱ ቁጥር 42-68223 ጋር ሲገናኝ የእሱ አውሮፕላን መሆኑ በ2004 ተረጋገጠ።

እናንተም በዚሁ መንገድ ሂዱ። መጀመሪያ ቀኑን፣ የተነሣበትን ጣቢያ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና ሰዓቱን ጻፉ። ሰዓቱ የግሪንዊች ነው ወይስ የአካባቢው? ሰዓት በሁለት ዓይነት መቁጠር የለመድን ሰዎች ይኼ አይጠፋንም።

አሜሪካዊ ከሆነ፣ ከ1943 ጀምሮ ለጠፉ የአውሮፕላን ሠራተኞች የተሞላውን ሪፖርት ከአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፈልጉ። ወርቅ ነው። የሞተሮቹ ቁጥር፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ ሁሉ እዚያ አለ። ፎቶ ስታዩ ደግሞ ጭራው ላይ የመጀመሪያዋ አኃዝ እንደምትቀር አስታውሱ፤ 42-68223 የሚጻፈው 268223 ተብሎ ነው።

የእንግሊዝ ከሆነ የስኳድሮኑን (የአየር ኃይል ጓዱን) የዕለት መዝገብ ለንደን ኪው ካለው ቤተ መዛግብት፣ የሠራተኞቹን ስም ደግሞ ከጦር መቃብሮች ኮሚሽን ድረ ገጽ ፈልጉ። ስሙ እንግሊዝ አገር ባለው የአየር ኃይል ሙታን መታሰቢያ፣ ራኒሚድ ላይ ካለ መቃብሩ አይታወቅም ማለት ነው፤ እዚያ ከ20,000 በላይ ስም አለ። መቃብር ካለውም አትቸኩሉ፤ ማዕበል ሬሳ ወስዶ ሌላ አገር ዳርቻ ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ የተቀበረበት ቦታ አውሮፕላኑ የወደቀበትን አይነግራችሁም።

ከዚያ የጠላትን ሰነድ አመሳክሩ። በ2008 አንድ የቀድሞ ጀርመናዊ አብራሪ «ሴንት ኤግዙፔሪን የጣልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» ብሎ ዓለም ተቀባበለው፤ የዚያን ቀን ሰነድ ግን አልደገፈውም። የባሕሩ ወለልም ያምታታል። እዚያው ስብርባሪው አጠገብ መሰርሽሚት የሚባል የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር ተገኝቷል፤ የሌላ ቀን፣ የሌላ ሰው ሞት ነው።

ጠላቂ ከሆናችሁና በዓይናችሁ ካያችሁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ፎቶ አንሡ፣ ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ፣ በቃ። መቃብር ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ በ1986 በወጣው ሕግ ወታደራዊ አውሮፕላን የወደቀበት ቦታ ሁሉ የተጠበቀ ነው፤ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ቡሎን እንኳ አይነቀልም። ፈረንሳይ ባሕር ውስጥ ያገኛችሁትን ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ።