የሄልሜት መስታወት የምናበላሽባቸው ስህተቶች፣ ሐረጎን ለምትመላለሱ

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከስሙ ነው። የሞተር ሄልሜት "መስታወት" እንለዋለን፣ ቫይዘር የሚለውም አለ፣ ግን መስታወት አይደለም እኮ፣ ፕላስቲክ ነው። ፖሊካርቦኔት ይባላል፣ ጠጠር ተፈናጥሮ ቢመታው እንደ ብርጭቆ አይረግፍም፣ ለዛ ነው ፊታችን ላይ የተደረገው፣ ገላው ግን ለስላሳ ስለሆነ በትንሽ ነገር ይጫራል። ፋብሪካው ይሄን ስለሚያውቅ ደህና ደህናዎቹን ላያቸውን በጣም ስስ በሆነ ጠንካራ ሽፋን ይቀባቸዋል፣ ሽፋኑ በዓይን አይታይም፣ አንዴ ከተነሳ ግን በቃ ተነሳ፣ ቤት ውስጥ መልሰህ አትቀባውም። እኛ ደሞ መስታወት ስላልነው እንደ ቤት መስኮት በጋዜጣ እንወለውለዋለን፣ እንደ ሻይ ብርጭቆ በኦሞ እናሸዋለን፣ ከዛ በሦስት ወሩ "ፌክ ነው የሸጠልኝ" እያልን ሰውዬውን እንራገማለን።

እኔ ደሴ አድሬ ኮምቦልቻ ነው የምውለው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ስለሆነች ጠዋት ጉምና ብርድ ለብሰህ ትወጣለህ፣ መሃል ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ተጠማዘህ ተጠማዘህ ስትወርድ ሙቀትና የከባድ መኪና አቧራ ይቀበልሃል፣ ማታ ደሞ ስትመለስ በቦርከና በኩል ያለው ትንኝ ሁሉ ፊትህ ላይ ይለጠፋል። ስለዚ ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ፣ ከመፅሐፍ አንብቤ አይደለም።

1. በደረቁ መጥረግ

የሁሉም እናት ይቺ ናት። አቧራ ስንል ዱቄት ይመስለናል፣ ውስጡ ግን ደቃቅ አሸዋ አለ፣ አሸዋ ደሞ እውነተኛውን መስታወት እንኳን የሚጭር ነገር ነው፣ ፕላስቲኩንማ ምን ያድርገው። በጓንት ላፍ ስታደርጉት፣ በጃኬት እጅጌ፣ በሻሽ ጫፍ፣ በሶፍት፣ ያቺን አሸዋ ከላይ ተጭናችሁ እየጎተታችኋት ነው ማለት ነው። ካላመናችሁ የራሳችሁን ሄልሜት አንሱና ፀሐይ ላይ አጋድማችሁ እዩት፣ ጭረቶቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ ቅስት ቅስት ናቸው፣ ልክ ክንዳችሁ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄደው። የኔ በቀኝ በኩል ነበር የባሰው፣ ምክንያቱም ሁሌ በግራ እጄ ነበር የምጠርገው፣ ቀኙ ነዳጅ መስጫው ላይ ስለሆነ፣ እና እጄ ወደ ቀኝ ሲደርስ ነው ተጭኖ የሚጨርሰው።

ሶፍት ለስላሳ ነው የምትሉ አላችሁ፣ ለአፍንጫ ነው ለስላሳ። ወረቀት ነው፣ ከእንጨት ነው የመጣው፣ አቧራ ሲጨመርበት ደሞ የብርጭቆ ወረቀት ታናሽ ወንድም ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው ግን ትዕግስት ይፈልጋል። ንፁህ ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ሳትጨምቁ መስታወቱ ላይ ታለብሱታላችሁ፣ አታሹም፣ ብቻ ታለብሱታላችሁ። አምስት አስር ደቂቃ፣ እኔ ቁርስ እስክበላ እተወዋለሁ፣ የደረቀው ትንኝና ጭቃ በራሱ ጊዜ ይርሳል። ከዛ ጨርቁን ሳትጎትቱ ወደ ላይ አንሱት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አንድ ጠብታ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ ቀጥናችሁ በጣታችሁ ለስለስ አድርጋችሁ እሹት። ጣት ጥሩነቱ አሸዋ ከቀረ ይሰማችኋል፣ ጨርቅ ግን አይነግራችሁም። ካለቀለቃችሁ በኋላ በመነፅር ጨርቅ ወይ በማይክሮፋይበር ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ ነው፣ ማሸት አይደለም።

መንገድ ላይስ? እኔ ግማሽ ሃይላንድ ውሃና በንፁህ ፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ ይዤ ነው የምወጣው። ሃይላንዱ ላይ ምልክት አድርጉበት ግን፣ ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ሁሉም ሰው በሃይላንድ ቤንዚን ሲይዝ ነው የሚታየው፣ አንድ ቀን እንዳትሳሳቱ፣ ለምን እንደሆነ አሁን እመጣበታለሁ።

2. በቤንዚን፣ በቲነር፣ በመስኮት ማፅጃ

ጋራዥ ያለ ልጅ ሁሉ የሚያምነው አንድ መድኃኒት ቤንዚን ነው፣ ግራሶ ያስለቅቃል፣ ስቲከር ያስለቅቃል፣ ሁሉንም ያስለቅቃል። እውነት ነው ያስለቅቃል፣ ችግሩ ፕላስቲኩንም ይበላዋል። ቤንዚን፣ ቲነር፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን፣ አሞኒያ ያለበት ሰማያዊው መስኮት ማፅጃ፣ እነዚህ ፖሊካርቦኔት ላይ ሲያርፉ ወይ ያደበዝዙታል ወይ ውስጥ ለውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጡበታል። ክፋቱ አንዳንዴ ወዲያው አይታይም፣ ዛሬ ጠርገኸው ፏ ይላል፣ ግን ጥንካሬው ቀንሷል፣ ያ ጠጠር የመጣ ቀን ነው የሚታወቀው። ሳኒታይዘርም ቢሆን ይቅርበት፣ ሽፋኑን ሊያበላሸው ይችላል።

ስቲከር ሙጫ ካስቸገራችሁ ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና፣ አንዴ አልለቅ ካለ እርጥቡን ጨርቅ መልሶ ማልበስ፣ በጣት መግፋት። በምላጭ የሚፍቁ ጀግኖችም አይቻለሁ፣ ስለነሱ ምንም አልልም።

3. በጥርስ ሳሙና ጭረት ማስለቀቅ

ይቺን ቲክቶክ ላይ አይቼ ነው የሠራኋት፣ እዛ ላይ ሰውዬው ይቀባል ያሽከረክራል ይጠርጋል፣ መስታወቱ አልማዝ ይሆናል። እኔም ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግማሽ ትዩብ ጨረስኩ። እውነቱን ለመናገር ወላሂ በአምፖል ስር ሳየው ጭረቶቹ የቀነሱ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

በሳምንቱ ከኮምቦልቻ ስመለስ መሸብኝ፣ ማታ 1 ሰዓት አልፏል፣ ካፊያ ጀመረ። ሐረጎ ሽቅብ ላይ ከላይ የሚወርድ ሲኖትራክ ረዥም መብራቱን እንደለቀቀው ጥምዝ ላይ ብቅ አለ፣ ያኔ መብራት ሳይሆን ነጭ መጋረጃ ነው ፊቴ ላይ የወረደው። መስታወቱ በሙሉ ወተት ሆነ። የመንገዱ ጠርዝ የለም፣ መስመሩ የለም፣ ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ የማውቀው በልምድ ብቻ ነው። መስታወቱን ወደ ላይ ገፋሁት፣ ካፊያው ዓይኔን ይገርፈኝ ጀመር፣ እንደምንም በቀስታ ዳር ይዤ ቆምኩ። መኪናው ካለፈ በኋላ ራሱ ትንሽ ጊዜ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

በማግስቱ ለአንድ ትልቅ ሰው መካኒክ አሳየሁት። ወደ ሰማይ አቅርቦ አየውና "አንተ ልጅ፣ በምንድነው ያሸኸው?" አለኝ። "በጥርስ ሳሙና ጋሼ።" "ጥርስ መሰለህ?" አለኝና መለሰልኝ።

የሆነው እንዲህ ነው፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚፍቅ ደቃቅ ነገር አለ፣ ጥርስ የሚያነጣው እሱ ነው። ጭረቱን ሞላው አትበሉ፣ ዙሪያውን ፍቆ ጠንካራውን ሽፋን ነው የሚያነሳው። አምስት የሚታዩ ጭረቶች ነበሩህ፣ አሁን የማይታዩ አምስት ሺህ አሉህ፣ ቀን ላይ ንፁህ ይመስላል፣ ማታ የመኪና መብራት ሲመታው እያንዳንዷ ብርሃን ትበትናለች። አመድ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ የመኪና ቀለም ቤት ፖሊሽ፣ ሁሉም የዚሁ ዘመድ ናቸው። የመኪና የፊት መብራት በፖሊሽ ይጠራል እኮ የሚለኝ አለ፣ ልክ ነው፣ ግን መብራቱን በውስጡ አሻግረህ እያየህ አትነዳም፣ ይሄን ግን በውስጡ አይተህ ነው የምትነዳው፣ ትንሽ ከተጎደጎደ መንገዱ ራሱ ይወላገድብሃል።

ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት መቀባትም አለ፣ ጭረቱን ለአንድ ቀን ይደብቀዋል፣ ከዛ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስብላችኋል፣ ከዛ ትጠርጉታላችሁ፣ ወደ ቁጥር 1 ተመለስን ማለት ነው።

4. ሞተር አጣቢ ጋር አብሮ መስጠት

ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ጎማ ያሹበት ስፖንጅ ነው በእጃቸው ያለው፣ ሄልሜት ከሰጠሃቸው በሱ ያሹታል፣ ኦሞው ደሞ ሳይሟሟ እንደ አሸዋ ነው የሚሆነው። ሞተሩን ስጡ፣ ሄልሜቱን ያዙ።

5. አቀማመጥ

ቡና ልንጠጣ ስንወርድ ሄልሜቱን ስፖኪዮ ላይ እንሰቅላለን፣ ወይ ታንከር ላይ እንደፋዋለን፣ ወይ መቀመጫው ላይ። ስፖኪዮ ላይ ሲሰቀል የውስጡ ስፖንጅ ይጎዳል፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ደሞ መስታወቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል። መቀመጫ ላይ ያለው አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም፣ የኔ ወድቋል፣ ጀበናዋ አጠገብ ተንከባሎ ሄዶ ልጅቷን አስደነገጣት። የታችኛው ክፍቱ ወደ ታች ሆኖ መሬት ላይ ወይ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፣ መስታወቱ ተዘግቶ። በግንባሩ መድፋት ግን በጭራሽ። ክንድ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትሄዱም የጃኬቱን ዚፕ አስቡት፣ በየእርምጃው አንዴ ይጭራል። ከመፍቻና ከቁልፍ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ መክተትን ደሞ ሳልናገር ታውቁታላችሁ፣ አሮጌ ሹራብ ካላችሁ እሱን ማልበስ ነው።

6. ጎማዋን መርሳት

ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። መስታወቱ ሲዘጋ የሚያርፍባት ጥቁር ጎማ አለች፣ ከላይ በግንባር በኩል። አቧራ እዛች ጎማ ላይ ይሰበሰብና መስታወቱን ከፍ ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ከላይ ወደ ታች ይጭራል። ጭረታችሁ ቅስት ሳይሆን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። በወር አንዴ መስታወቱን ከሄልሜቱ ነቅላችሁ ጎማዋንና ጎንና ጎን ያሉትን መንቀሳቀሻዎች በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አነቃቀሉ እንደየሄልሜቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ ቁልፍ ተጭነህ ነው፣ አንዳንዱ በቡሎን ነው፣ በጉልበት አትሞክሩት፣ ጥርሷ ከተሰበረች መስታወቱ እየነዳችሁ ይወርድባችኋል። ከውስጥ የሚወርድ ጥቁር የፀሐይ መከላከያ ያለውም እንደዛው ነው፣ ማስገቢያው ውስጥ አቧራ ይቀመጣል።

7. ጉም ሲይዘው በጣት ከውስጥ መጥረግ

ደሴ ጠዋት ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ መስታወቱ በትንፋሽ ብቻ ይሸፈናል። ያኔ ጣት ይገባል፣ ጓንት ይገባል። የውስጡ ገፅ ግን ከውጪው የባሰ ስስ ነው፣ ጉም እንዳይዘው የሚቀባ ነገር ያለበት ከሆነ በጣት ነው የሚጠፋው። መስታወቱን አንድ እርከን ከፈት አድርጎ አየር ማስገባት ይሻላል፣ ከአፍንጫ በላይ የሚመጣ ስካርፍም ወደ ታች ሳብ አድርጉት። ተራ መስታወት ከሆነ ፈሳሽ ሳሙና በጣም ስስ አድርጎ ከውስጥ ቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል። ፒንሎክ የሚባለው ውስጡ የሚለጠፍ ተጨማሪ ንጣፍ ያላችሁ ግን ይሄን እንዳትሞክሩ፣ እሱ በጣም ለስላሳ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ብቻ።

ዝናብ ላይ ደሞ በጓንት ከመጥረግ ቀጥ ያለ መንገድ ስታገኙ ጭንቅላትን ለአፍታ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ፣ ነፋሱ ራሱ ጠብታውን ይወስደዋል። ጥምዝ ላይ አይሞከርም።

8. ጭረት ለመደበቅ ጥቁር ማድረግ

ላሚኔት ያስለጥፋሉ፣ ወይ ጥቁር መስታወት ይገዛሉ። ቀን ላይ አሪፍ ነው፣ ማታ ሐረጎ ላይ ግን ዓይን መሸፈን ነው። በአውሮፓው የሄልሜት ደረጃ ከ80 በመቶ በታች ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ለቀን ብቻ ነው የተባለው። ላሚኔቱን ልታነሱ ስትሉ ደሞ ሙጫው ይቀራል፣ ሙጫው ቤንዚን ያስመኛችኋል፣ ቁጥር 2ን ተመልከቱ።

9. መቀየር ሲገባው አለመቀየር

ጭረቱን በጥፍር ዳሱት። ጥፍራችሁ ከያዘ ጥልቅ ነው፣ ምንም አያድነውም። ካልያዘና ዳር ላይ ከሆነ አብሽሩ፣ ኑሩበት። ዋናው ጥያቄ ግን ዓይናችሁ ፊት ነው ወይ የሚለው ነው፣ እና ፈተናው ቀን ላይ አይደለም፣ ማታ ሄልሜቱን አድርጋችሁ ቆማችሁ የሚመጣ መኪና መብራት እዩ፣ ከመብራቱ ዙሪያ ክር ክር የሚል ጨረር ከወጣ ጊዜው አልፏል።

እዚህ እኛ ጋር ችግሩ መስታወቱን ብቻውን ማግኘት ነው። ደሴ ፒያሳ ብዙ ሱቅ ገብቼ "ሄልሜቱን ሙሉ ግዛ" ነው የተባልኩት። አንዱ ደሞ "ለሁሉም ይሆናል" ብሎ የሰጠኝን ሳስገባው በግራ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ለሁሉም የሚሆን የለም፣ ሞዴሉ ከሄልሜቱ ሞዴል ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠርዙ ላይ የታተመውን ፅሁፍም በስልክ ፎቶ አንሱት። እኔ በመጨረሻ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ፎቶውን ልኬለት ነው ያገኘልኝ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በካርቶን ተጠቅልሎ መጣ፣ ሁለት ነው ያስመጣሁት። ሄልሜት አዲስ የምትገዙ ከሆናችሁ እዛው ሱቁ ውስጥ መለዋወጫ መስታወት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌለው ሌላ ሄልሜት እዩ።

ሁለተኛው ገና ላስቲኩ አልተነሳም፣ ቁምሳጥን ላይ ነው። የጥርስ ሳሙናውን አሮጌ ደሞ አልጣልኩትም፣ በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ታናሽ ወንድሜ ሞተር ልንዳ ባለ ቁጥር አውርጄ አምፖሉ ፊት እይዝለታለሁ።