ጥርሳችሁ ከተደራረበ እቤት እንዴት ታዩታላችሁ፣ እንዴትስ ታፀዱታላችሁ

ጥርስ ተዛነፈ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ስለ ፎቶ ነው፣ ዋናው ጣጣ ግን ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ መብዛቱ ነው። መስታወትና የስልክ መብራት ያዙና በመንጋጋችሁ ነክሳችሁ ከንፈራችሁን ገለጥ አድርጉ።

የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ትንሽ ቢሸፍን ኖርማል ነው፣ ጭራሽ ከዋጠው ግን የታችኛው ጥርስ ላንቃ ላይ ያለውን ድድ እየወጋ ሊያቆስል ይችላል። የታችኛው ከላይኛው አልፎ ወደ ፊት ከወጣ ደግሞ ያለቦታው እየተፋተገ ሊያልቅ ይችላል። ፊት ለፊት ክፍት ሆኖ ከቀረ ልጁ ጣት ይጠባ እንደሆነ እዩ።

ገጣጣ ልጅ ያላችሁ፣ ባህር ዳር ሜዳ ስለሆነች ልጁ ሁሉ ሳይክል ላይ ነው፣ ሲወድቅ ቀድሞ የሚመታው ያ ወጣ ያለው ጥርስ ነው። ቋሚ ጥርስ ከነስሩ ከወለቀ ስሩን ሳትነኩ ወተት ውስጥ ከታችሁ ወዲያው ጥርስ ሐኪም ጋ ሩጡ።

ድርብርቡ ግን የብዙዎቻችን ነው። የዘጌ ማንጎ በልታችሁ ቃጫው የት የት እንደሚቀር አስተውሉ፣ ቆሻሻውም እዛው ነው የሚጠራቀመው፣ ከዛ ጥርሱ ይቦረቦራል ድዱም ይደማል። ብሩሹን ሽቅብ አቁማችሁ በጫፉ አንድ አንድ ጥርስ ለብቻ እሹ፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በቀን 2 ጊዜ፣ የማታዋ እንዳትቀር። መሃሉን በጥርስ ክር፣ ስቴኪኒ በግድ መጎርጎር ድድ ያቆስላል። መፋቂያም አሪፍ ነው ግን የተደራረበው መሃል አይገባም። ደማ ብላችሁ መቦረሽ አታቁሙ፣ ካልተወ ታዩ።

ፍንጭትን ተዉት ባካችሁ፣ ውበት ነው። ካደጋችሁ በኋላ አዲስ ክፍተት ከመጣ ግን የድድ በሽታ ጥርሱን እያንቀሳቀሰው ሊሆን ይችላል።

የወተት ጥርስ "ይወልቃል" ተብሎ ሲበሰብስ ዝም ይባላል፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ለቋሚው ቦታ የሚይዝለት እሱ ነዋ! ያለጊዜው ከተነቀለ ጎረቤቱ ይጠጋና ቋሚው ጠምሞ ሊወጣ ይችላል። በ6 ዓመት አካባቢ ከኋላ የሚመጣው መንጋጋ ደግሞ ቋሚ ነው፣ ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። ልጁ 7 ሲሞላው አንዴ አሳዩት።

ብሬስ (ጥርስ ላይ ተለጥፎ የሚያስተካክለው ሽቦ) ለአዋቂም ይሰራል፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት፣ አንዳንዴም በላይ ይፈጃል። የተቦረቦረና የሚደማ ካለ መጀመሪያ ይታከማል። ስትከፍሉ ብሬሱ ከወጣ በኋላ የሚደረገው ሪቴይነር (የተስተካከለውን ጥርስ ባለበት የሚይዘው) ዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፣ ያለሱ ጥርሱ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። ብሬሱ እስኪወጣ ድረስ ቆሎና ሸንኮራ ይቅርባችሁ።