የልጄ ልዩ መነጽር ይሠራል ወይ? እንዴት እንደፈተንኩት

ልጄ በ8 ዓመቷ ሰሌዳ ማንበብ ሲያቅታት፣ እዚህ ቶሮንቶ ሩቅ ያለማየት ችግሯ ቶሎ እንዳይባባስ ዲምስ የሚባለውን ሌንስ አዘዙላት። ተራ መነጽር የሩቁን ያጠራል እንጂ ችግሩን የሚያባብሰውን የዓይን ኳስ መርዘም አይገታም። ይሄኛው መሃሉ እንደ ተራ ሌንስ ሆኖ ዙሪያውን 400 ገደማ ጥቃቅን ሌንሶች አሉት። ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩት የማር እንጀራ ይመስላል። እኔማ የተጫረ መስሎኝ ልመልሰው ነበር!

ዋናው ነገር መነሻውን መለካት ነው። ልጃችሁ መነጽሩን ከማድረጓ በፊት የዓይን ኳሷን ርዝመት በሚሊ ሜትር አስለኩ። የመነጽሩ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ልጅ ሲመረመር ዓይኑን ስለሚያስጨንቅ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ዓይኑን ዘና የሚያደርግ ጠብታ ተደርጎ ይለካ (ጠብታው ብርሃን ያስጠላል፣ ኮፍያ ያዙ)። ከዚያ በየ6 ወሩ፣ በዚያው መሣሪያ አስለኩና ጻፉት።

በሆንግ ኮንግ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በተደረገው የ2 ዓመት ሙከራ፣ ዲምስ ያደረጉት ልጆች ዓይን በአማካይ 0.21 ሚሊ ሜትር ሲረዝም፣ ተራ መነጽር ያደረጉት 0.55 ረዝሟል። ይቀንሳል እንጂ ጭራሽ አይቆምም፤ ለዚህ ነው የልጄ ትንሽ ሲጨምር ያልደነገጥኩት።

ፍሬሙን ግን ተጠንቀቁ። የሌንሱ መሃል ከብሌኗ ፊት ካልዋለ ልፋቱ ከንቱ ነው። የኔዋ ስታነብ እንደ አያቷ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታወርደው ነበር፤ ከጆሮዋ ጀርባ የሚይዝ ጎማ አስገባንበት። አሁን ከጠዋት እስከ መኝታ ታደርገዋለች፣ ከገላ መታጠቢያ በቀር።