ለተማሪ ብሎግ የሚከፍቱ መምህራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት በገባ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል። «ለተማሪዎቼ ብሎግ ልከፍት ነው፣ ከየት ልጀምር?» የሚሉ መምህራን ይደውላሉ። ከልቤ ደስ ይለኛል። ያንኑ ኖት ለየሴክሽኑ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ የኖረ መምህር አንዴ በደንብ ጽፎ ለሁሉም ማድረስ ከቻለ፣ ክፍል ውስጥ ለማስረዳት ጊዜ ያገኛል። ብሎጉ ጥቅምት ሳይጠባ ሲቆም የማዝነውም ለዚህ ነው። የሚቆመው መምህሩ እውቀት አንሶት አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ስለሚደግም ነው።

የስህተቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መምህሩ ላፕቶፕ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ስልክ ላይ ያነባል። ያውም በእናቱ ስልክ፣ ማታ፣ ለአንድ ቀን በተገዛ ፓኬጅ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ያንን ልጅ እያሰባችሁ አንብቡት።

የኖት ፎቶ መደርደር

ከሁሉም በላይ የሚያስመርረኝ ይሄ ነው። መምህሩ በእጁ የጻፈውን ኖት ገጽ በገጽ በስልኩ ያነሳል። አሥራ ሁለት ፎቶ ይሆናል። እንዳለ ይለጥፈውና «የምዕራፍ 3 ሾርት ኖት» ይልበታል። በቃ፣ ጨረሰ።

እስቲ እናስላው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ቢሆን አይገርምም። አሥራ ሁለቱ ሲደመር ወደ 40 ሜጋ ይጠጋል። ብሎገር የሚባለው የጉግል የብሎግ አገልግሎት ፎቶውን አሳንሶ ያሳያል፤ ነገር ግን የእጅ ጽሑፉ እንዲነበብ ልጁ እየነካ ትልቁን መክፈት አለበት። ያው ኖት በኪቦርድ ቢጻፍስ? አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው የሚይዘው። አሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ 100 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። በፎቶ ስትለጥፉ ግን ለአንድ ምዕራፍ ኖት የልጁን የቀን ፓኬጅ ትጨርሱበታላችሁ ማለት ነው።

ዳታው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፎቶ ውስጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ ጉግል ላይ ሲፈለግ እምብዛም አይወጣም። ተማሪው አንዲት መስመር ቀድቶ ለጓደኛው መላክ ይቸገራል። ዓይነ ስውር ተማሪ ካላችሁ ደግሞ ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ፕሮግራም ፎቶው ጋ ሲደርስ «ምስል» ብሎ ያልፈዋል። ክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ ባይኖር፣ ብሎጉን የሚከፍት ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ይኖራል።

አንድ የፊዚክስ መምህር አውቃለሁ፤ ጎበዝ ሰው ነው፣ ጽሑፉም ያምራል። የኤሌክትሮንን ቻርጅ መጠን ሲጽፍ ከ10 በላይ ያለችውን የመቀነስ ምልክት ረሳት። መሆን የነበረበት 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው። ፎቶው ላይ 10¹⁹ ሆኖ ወጣ። የዚያኑ ዕለት ማታ አይቶታል። ግን ፎቶ እንዴት ይታረማል? ገጹን እንደገና ጻፈ፣ እንደገና አነሳ፣ ቀየረው። እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያው ፎቶ በየቴሌግራሙ ዞሯል። ከሳምንታት በኋላ በክፍል ፈተና ላይ 10¹⁹ ብለው የጻፉ ልጆች ተገኙ። ሊንክ ልኮ ጽሑፉን ገጹ ላይ ቢያሰፍረው ኖሮ በአንዲት ቁልፍ ይስተካከል ነበር፤ ሊንኩን የከፈተ ሁሉም የታረመውን ያያል።

«መተየብ ይከብደኛል» የምትሉ፣ ይገባኛል፤ የአማርኛ ኪቦርድ ለማያዘወትር ሰው አድካሚ ነው። ግን ጂቦርድ የሚባለው የጉግል የስልክ ኪቦርድ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ በድምፅ ይቀበላል። ማይክሮፎኑን ተጭናችሁ ክፍል ውስጥ እንደምታስረዱት ተናገሩ፣ ከዚያ አርሙት። የታተመ ወረቀት ካላችሁ ደግሞ ፎቶውን ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኑና በጉግል ዶክስ ክፈቱት፤ ጽሑፉን ለይቶ ያወጣላችኋል። ስህተት አይጠፋውም፣ ሆኖም ከባዶ ከመጀመር በብዙ ይሻላል።

ፎቶ የሚያስፈልገው ለሥዕል ነው፦ ለልብ፣ ለሰርኪት፣ ለካርታ። እሱንም ዳር ዳሩን ቁረጡትና መጠኑን አሳንሱት። ለስልክ ስክሪን 1000 ፒክስል ስፋት ይበቃል። ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ ከሥሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል መገልበጥ

ነባር መምህራን ለዓመታት ያጠራቀሙት ሀብት አላቸው፤ አብዛኛው ግን በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ በጋራ በሚጠቀምበት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የቀድሞዎቹ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ስላለ አማርኛ ታያላችሁ። ልጁ ስልክ ላይ የሚታየው ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፋይሉን በወርድ ክፈቱ፣ አንድ አንቀጽ ምረጡ፣ ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ሰላም ነው። ተበታትኖ ላቲን ከሆነ ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየር አትለጥፉት።

ከወርድ ላይ እንዳለ መለጠፍም የራሱ ጣጣ አለው። የወርድ ቅርጽ አብሮ ይመጣና አንዱ አንቀጽ ግዙፍ፣ ሌላው ጥቃቅን ይሆናል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ አንድ ላይ ተጫኑ፤ ጽሑፉ ብቻውን ይገባል። የሒሳብ ፎርሙላ ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። ማትጃክስ የሚባለውን ነፃ መሣሪያ ብሎጋችሁ ላይ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ካልሆነም ፎርሙላዋን ብቻ በትንሽ ምስል አስገቡ።

«ጠቃሚ ኖት ለተማሪዎች» የሚል ርዕስ

ይህን ብሎ የሚፈልግ ተማሪ የለም። «የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ፦ ቬክተር እንዴት ይደመራል?» በሉት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ የሚፈልገው መጽሐፉ ላይ ባየው ቃል ነው። ማብራሪያችሁ በአማርኛ ቢሆንም የእንግሊዝኛውን ስያሜ ርዕሱ ላይ ጨምሩበት። የየትኛው ሥርዓተ ትምህርት እንደሆነም ጻፉ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የድሮው ምዕራፍ 4 እና የአሁኑ ምዕራፍ 4 ላይገናኙ ይችላሉ፤ ልጆች በዚህ ምክንያት ያልተማሩትን ሲያጠኑ አይቻለሁ።

የሊንኩን ነገር መርሳት

ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ዎርድፕረስ የሚባለው ሌላው የብሎግ መሥሪያ ሊንኩንም በአማርኛ ያደርገዋል። ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ አንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ሊዘረዘር ይችላል፤ ሃያ ፊደል ያለው ርዕስ ግማሽ ስክሪን ይሞላል። ያየው ሰው ቫይረስ መስሎት ይተወዋል። ብሎገር ደግሞ አማርኛውን ይጥለውና ሁሉንም ፖስት አንድ ዓይነት ስም ከቁጥር ጋር ይሰጠዋል። ሁለቱም ላይ ከማተማችሁ በፊት ሊንኩን ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፦ በእንግሊዝኛ ፊደል የክፍሉን ቁጥርና የትምህርቱን ስም፣ አጭር አድርጋችሁ። ከታተመ በኋላ አትነካኩት፤ አሮጌውን ሊንክ የያዘ ሁሉ ባዶ ገጽ ሊያገኝ ይችላል።

ሳይጀምሩ ገንዘብ ማውጣት

ለጀማሪ የምመክረው ብሎገርን ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ በ2003 ጉግል ገዛው፣ እስካሁን በነፃ ይሠራል። ዎርድፕረስም ጥሩ ነው፤ ግን በዚህ ስም ሁለት ነገር እንዳለ እወቁ። አንዱ ብሎጋችሁን እነሱው ጋ የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ነው፤ ነፃ ዕቅድም አለው። ሌላው ፕሮግራሙ ብቻ ነው፤ ማስቀመጫውን ራሳችሁ በዶላር ትከራያላችሁ። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ውጭ ያለ ዘመዱ በካርድ ከፈለለት። ድረ ገጹ ያምር ነበር። በዓመቱ የካርዱ ጊዜ አለፈ፣ ክፍያው ሳይሳካ ቀረ፣ የማስጠንቀቂያውን ኢሜይል ማንም አላየውም። የሁለት ሴሚስተር ሥራ ጠፋ። አንድ ዓመት በነፃው ሥሩ፤ ከዚያ የራሳችሁን የድረ ገጽ ስም መግዛት ከፈለጋችሁ ትገዛላችሁ።

በአንድ ሰው ኢሜይል የተከፈተ የትምህርት ቤት ብሎግ

መምህሩ ዝውውር ያገኛል፣ ወይም ስልኩ ይጠፋና ሲሙ ይዘጋል፤ ብሎጉ አብሮት ይሄዳል። ብሎገር ተጨማሪ ጸሐፊና አስተዳዳሪ እንድትጨምሩ ይፈቅዳል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ይኑር።

የተማሪ ውጤትና ፎቶ

እዚህ ላይ ልመናዬ ነው። የክፍሉን ማርክ ሊስት ከነሙሉ ስሙ ብሎግ ላይ አትለጥፉ። ከ50 11 ብቻ ያመጣች ልጅ ስሟ ከውጤቷ ጋር ለዓመታት ኢንተርኔት ላይ ይቆያል። እናንተ ብታጠፉት እንኳ የቀዳው ሰው ጋ አለ። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ነገሩ ከይሉኝታ አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ፎቶም እንዲሁ ነው፤ ወላጅ ሳይፈቅድ የልጅ ፊት አይለጠፍም። የሚደነቅ ሥራ የሠራ ተማሪ ካለ ሥራውን አሳዩ፤ ስሙን ከነአባቱ መጻፍ አያስፈልግም። አስተያየት መስጫውንም ሳታዩት እንዳይወጣ አድርጋችሁ አስተካክሉት፤ ልጆች ስልክ ቁጥራቸውን እዚያ ላይ ይጽፋሉ።

መማሪያ መጽሐፍ ስካን አድርጎ መለጠፍም ይቅር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደግሞም ልጁ ከእናንተ የሚፈልገው ማብራሪያችሁን ነው።

«ቴሌግራም ካለ ብሎግ ምን ያደርጋል?»

ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቻናል ለማሳወቅ ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን መስከረም ላይ የላካችሁት ኖት ታኅሣሥ ሲደርስ በእንኳን አደረሳችሁና በማስታወቂያ ሥር ይቀበራል። ኖቱ ብሎግ ላይ ይቀመጥ፣ ሊንኩ በቴሌግራም ይሂድ። በየቀኑ እጽፋለሁ ብላችሁም ቃል አትግቡ። አራት ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ ከዚያ አሳውቁ፤ በሳምንት አንድ ይበቃል።

ኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ ማሰብ

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲሰጥ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ፈተና ሲደርስ ነው ልጆች ኖት የሚያሳድዱት። ስለዚህ ክሮም ላይ ገጹን ስልካቸው ላይ እንዴት እንደሚያወርዱ ክፍል ውስጥ አሳዩዋቸው፦ ሦስቷን ነጥብ መንካት፣ የማውረጃውን ቀስት መጫን። ገጹ ያለ ኔት ይከፈታል። እናንተም ከብሎገር ሴቲንግ ውስጥ የብሎጉን ቅጂ በየሴሚስተሩ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት ሊንኮቹን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስባችሁ ላኩላቸው፤ «ዛሬውኑ አውርዱት» በሏቸው።