ቾክ ካልተያዘ አልሠራም የሚል የውሃ ፓምፕ፦ ችግርና መፍትሄ

አገራችን ውስጥ የሚያርሱት ትራክተሮች አብዛኞቹ በናፍጣ ስለሚሠሩ ቾክ የላቸውም። ገበሬውን በቾክ የሚያንገላታው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣበት ትንሹ የቤንዚን ፓምፕ ነው።

ቾክ የምንለው በካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ክፍል) አፍ ላይ፣ በዲፕራተሩ (በአየር ማጣሪያው) በኩል ያለችውን ክብ ክዳን ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቤንዚን በደንብ አይተንም። ክዳኗ ስትዘጋ አየሩ ያንሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሞተሩ ይነሳል። ሲሞቅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለባት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዲፕራተሩን ፍቱና የቾኩን ማንሻ እያንቀሳቀሳችሁ ክዳኗን በዓይናችሁ እዩ። ይህን ሳያይ አዲስ ካርቡራተር የሚገዛ ብዙ ነው፤ ገንዘቡ ያሳዝነኛል።

ጠዋት አልነሳ ካለ

የቤንዚን መክፈቻው ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ገመዱን ደጋግማችሁ ስባችሁ ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ክዳኗ ሳትዘጋ ቀርታ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አቧራና ዘይት ተጋግሮ ክዳኗን የሚያዞረውን ዘንግ ይይዘዋል። በፒንሳ አትታገሉት፣ ማንሻው ፕላስቲክ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ዘንጉ የሚገባበትን ቦታ በብሩሽ ቤንዚን አርሱት፣ ጥቂት ጠብቁና በጣት ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ግሪስ አትቀቡ፤ አቧራ ይሰበስባል።

በብሎን የተያዘች ክዳን ከተጣመመች ብሎኖቹን ላላ አድርጉ፣ ማንሻውን ዝጉ፣ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጓት። ቦታዋን ራሷ ታገኛለች። ወደ ብርሃን ስታዞሯት ዙሪያዋን እኩል የሆነ ቀጭን ብርሃን ካሳየች ተስተካክላለች። ከዚያ ብሎኖቹን በደንብ አጥብቁ። ከወለቁ ሞተሩ ስቦ ያስገባቸዋል፣ ሲሊንደሩም አለቀለት። ክዳኗ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለች አትድፈኗት፤ ከፋብሪካ የመጣች ናት።

ጥቁር ጭስ ካበዛ

ክዳኗ አልተከፈተችም፣ ወይም በንዝረት ተመልሳ እየተዘጋች ነው። ዲፕራተሩም በአቧራ ከታፈነ ያው ነው። ከፍታም ያባብሰዋል። ጣና ዙሪያ ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ድሮም ቤንዚን ይበዛበታል። የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እዚያ ላይ ቾክ ግማሽ ተዘግቶ ሲቀር ፓምፑ ውሃ መግፋት ያቅተዋል።

ቾክ ሲከፈት ከጠፋ

ሰው ቾክ ተበላሸ የሚለው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ቾኩ ግን ጤነኛ ነው። ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ስለሆነ ክዳኗ ስትዘጋ ብቻ ይበቃዋል። ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ ተገዝቶ በጀሪካን ሲገላበጥ ቆሻሻና ውሃ ይገባበታል፤ ያ ሁሉ ካርቡራተሩ ሥር ይጠራቀማል።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ እሳትና ሲጋራ ይራቅ። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን፣ በብዙዎቹ 10 ቁጥር ናት፣ ፍቱና ቤንዚኑን በብርጭቆ ተቀበሉት። ውሃ ካለ ከታች እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይታያል። ከዚያ ከካርቡራተሩ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምበትን ጽዋ አውርዱና መሃል ላይ ያለውን የነሐስ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ያለው ብሎን) አውጡት። ወደ ሰማይ አንስታችሁ ስታዩት ቀዳዳው ድፍን ወይም ሞላላ ከሆነ ተደፍኗል። በሽቦ አትጎርጉሩት። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ለዘለቄታው ቤንዚን ይጠጣል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር አሳልፉበት፣ በቤንዚን እጠቡት፣ ኮምፕሬሰር ካለ ንፉት።

ጂግለሩ ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ካልሄደ ካርቡራተሩና ሞተሩ መካከል ያለውን ጉርኒሲዮን (አየር እንዳይገባ የሚያሽገውን) እዩ። ከተቀደደ አየር ያስገባል። ዳዶዎቹን አጥብቁ፣ ካልሆነ ቀይሩት።

እባካችሁ ቾክ ግማሽ ይዛችሁ ማሳ አታጠጡ። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ፓምፑ እንዲህ ሲሠራ ከከረመ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ዘይቱ ከልኩ በላይ ከወጣ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ። ለ5.5 ፈረስ ጉልበት ሞተር 0.6 ሊትር ያህል ዘይት ይበቃዋል።